ምርመራ የሚለው ዓምድ

ደክሞኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለሰበብ አይደለም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ላፕቶፕ በጀርባዬ አዝዬ ከጋይንት ስማዳ፣ ከስማዳ እስቴ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሥራዬ የገበሬውን የመሬት መዝገብ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ነበር፤ የባለይዞታውን ስም፣ የማሳውን ስፋት፣ በአራቱ አቅጣጫ ያሉትን አዋሳኞች። አይጥ የበላው ገጽ ካጋጠመኝ ባለቤቱን አስጠርቼ እጠይቃለሁ፣ እሞላለሁ፣ ወደሚቀጥለው ቀበሌ እሄዳለሁ። ቤቴ ንፋስ መውጫ ነው ይባል እንጂ ከራሴ አልጋ ይልቅ የወገዳ ከተማን የኪራይ አልጋዎች አውቃቸዋለሁ፤ የትኛው እንደሚንቋቋ፣ የትኛው ቁንጫ እንዳለበት። አርብ ገበያ ከተማ በገበያዋ ቀን የደረስኩ እንደሆነ ደግሞ ሚኒባሱ ከአህያ ኋላ ሲያዘግም ግማሽ ቀኔ ያልቃል። መንገድ ሲዘጋ ባለሁበት እቀራለሁ፤ ሲከፈት እንደገና እነሳለሁ።

የምጽፈው ነገር በየትኛው ወረዳ እንደተፈጸመ አልናገርም። ጥፋቱ የእኔ የራሴ ነው፤ በእኔ ምክንያት የማንም መሥሪያ ቤት ስም ባይነሳ ደስ ይለኛል።

በዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ አንድ የምመካበት ነገር ነበረኝ። የቢሮው ሰው ሁሉ ፋይሉን «የመጨረሻ»፣ ቀጥሎ «የመጨረሻ ሁለት»፣ ቀጥሎ «ትክክለኛው የመጨረሻ» እያለ ሲያስቀምጥ እኔ ጊት የሚባል ፕሮግራም እጠቀም ነበር። ጊት በአንድ ፋይል ላይ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ ይዞ ያቆያል። ማን እንደለወጠው፣ መቼ እንደለወጠው፣ ከመለወጡ በፊት ምን ይል እንደነበር፣ ሁሉም አለ። በየለውጡ ደግሞ ምን እንዳደረግክና ለምን እንዳደረግከው የምትጽፍባት አንዲት የማስታወሻ መስመር አለችው። ይህን አድርግ ብሎ ያዘዘኝ የለም፤ ያየልኝም የለም። አለቃዬ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አይቶ «ጌም ነው እንዴ?» ብሎኛል። እኔ ግን ልቤ ያብጥ ነበር። በጠፋ ወረቀት ምክንያት ስንት ወንድማማች እንደተኳረፈ፣ ስንቱ ከፍርድ ቤት ደጅ እንዳረጀ አይቻለሁ። በእኔ እጅ ምንም አይጠፋም እል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ያችን የማስታወሻ መስመር እንደ ደብዳቤ ነበር የምጽፋት። «ወረቀቱ ላይ የሰሜኑ አዋሳኝ ስም ተፍቋል፤ በባለቤቱ ቃል ተሞላ፤ ጎረቤቱም አዎ ብለዋል።» እንዲህ ዓይነት። በዓመቱ አጠረች። በሁለተኛው ዓመት አንዲት ቃል ብቻ ቀረች፦ «ተስተካክሏል»። ማክሰኞ ተስተካክሏል፣ ረቡዕ ተስተካክሏል፣ ሐሙስም ተስተካክሏል። ምኑ እንደተስተካከለ እግዜር ይወቀው።

ከዚያ ሁለት ጎረቤታም ቀበሌዎች አንድ እንዲሆኑ ተወሰነና አዲስ ስም ወጣላቸው። በእኔ ዘንድ እያንዳንዱ ቀበሌ የራሱ ፋይል ነበረው። ሁለቱ ፋይሎች ተዋህደው፣ በአዲሱ ስም ተሰይመው፣ በአዲሱ ቅጽ ተሞልተው በዚያው ቀን እንዲደርሱ ተነገረኝ። ክረምት ነበር። ከሰዓት በኋላ የሚወጣው ሚኒባስ ካመለጠኝ እዚያው ማደሬ ነው፤ ልብሴ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ በላዬ ላይ እንደረጠበ ነበር።

ደንቡን አውቀዋለሁ። የፋይል ስም ስትቀይር ስሙን ብቻ ትቀይርና ያንን ታሰፍራለህ፤ ውስጡን የምትነካው ከዚያ በኋላ ነው። ጊት ትናንት በዚያኛው ስም ይጠራ የነበረው ፋይል ይኸኛው ነው ብሎ የሚያውቀው በመልኩ ነውና። ውስጡ እንደነበረ ከሆነ ስሙ ቢቀየርም ይለየዋል። ስሙንም መልኩንም በአንድ ጊዜ ከቀየርክበት ግን የቀድሞው እንደሞተ፣ አዲሱም ከየትም እንደመጣ እንግዳ አድርጎ ይመዘግበዋል። ሁለት ፋይል ስታዋህድም እንደዚሁ ነው፤ የትኛው መስመር ከየት እንደመጣ ኋላ እንዲታወቅ በየተራ ይደረጋል። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ሩብ ሰዓቱን አልሰጠሁትም። ሁለቱን ፋይሎች አንድ ላይ ገለበጥኳቸው፣ በፊደል ተራ ደረደርኳቸው፣ ተራ ቁጥራቸውን አዲስ አደረግሁ። አዲሱ ቅጽ «ምርመራ» የሚል ዓምድ አልነበረውም፤ ስለዚህ ዓምዱን ከነይዘቱ ሰረዝኩት። የመንግሥት ቅጽ ሞልቶ የሚያውቅ ሰው ምርመራን ያውቃታል፤ በቀኝ ጥግ ያለችው፣ በሌላው ቦታ አልገባ ያለ ነገር ሁሉ የሚታጨቅባት ጠባብ ዓምድ ናት። አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናት። ለፋይሉ አዲሱን ስም ሰጠሁትና «ተስተካክሏል» ብዬ አሰፈርኩ። ሚኒባሱም አላመለጠኝም። ከወራት በኋላ አዲስ ላፕቶፕ ሲሰጠኝ የወሰድኩት የመጨረሻዎቹን ፋይሎች ብቻ ነው። የኋላ ታሪካቸውን ከአሮጌው ላፕቶፕ ጋር ቤቴ ውስጥ ጣልኩት።

እማማ የመጡት ሁለት ዓመት ቆይተው ነው። ስማቸውን አልጽፍም፤ ለነገሩ ችግሩም ስማቸው ነበር። ከጠዋት ጀምሮ በእግር መጥተው እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ሆኗል። ቢሮው በር ላይ ቆመው ፊቴን ሲያዩ እፎይ እንደማለት አሉ።

«አንተው ነህ! እንኳን አንተው ሆንህ» አሉኝ።

አላስታወስኳቸውም። በእነዚያ ዓመታት የስንቱን እናት ፊት እንዳየሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ወንበር ሰጥቻቸው «ምን ልርዳዎት እማማ?» አልኳቸው።

ነገራቸው እንዲህ ነበር። የተወለዱት ከተዋሃዱት ሁለት ቀበሌዎች በአንዱ፣ የተዳሩት በሌላው ነው። በአገራቸው ሙሽራ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሏም፣ ጎረቤቱም፣ ኋላ የምትወልዳቸው ልጆችም የሚያውቋት በዚያ ስም ነው። አባቷ ያወጣላት ስም አባቷ ቤት ይቀራል። እማማም በልጅነታቸው ተድረው፣ በአንድ ቀን ቤትም ስምም ተቀይሮባቸው፣ ዕድሜያቸውን ሁሉ በአማታቸው ስም ኖረዋል። መታወቂያቸው በዚያው ነው። ከአባታቸው የወረሷት አንዲት የገብስ ማሳ ግን በትውልድ ቀበሌያቸው፣ በልጅነት ስማቸው ተመዝግባ ቆይታለች። ወንድማቸው በሕይወት እያለ የእኩል ያርስላቸው ነበር። እሱ ሲሞት ልጁ ማረሱን ቀጠለ። ባለፈው መኸር ልጁ የአክስቱን ድርሻ ሳያመጣ ቀረ። እማማ ሲሄዱበት፣ መዝገቡ ላይ ያለችውን ሴት አላውቃትም፣ በዚያ ስም መታወቂያ ካለዎት ያሳዩኝ አላቸው።

ቀበሌ ሄደው አመለከቱ። በአዲሱ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ሴቶች ተገኙ። አንደኛዋ ማሳ አላት፣ መታወቂያ የላትም። ሁለተኛዋ መታወቂያ አላት፣ ከሟች ባሏ ግቢ በቀር መሬት የላትም። ሁለቱን የሚያገናኝ ነገር በዝርዝሩ ላይ አልነበረም። የወንድማቸው ልጅ፣ ባለቤቷ ያልተገኘ ማሳ ለአራሹ ይዙርልኝ ብሎ ማመልከቻ አስገብቷል፤ የመሬት ኮሚቴው በሚመጣው ሐሙስ ሊቀመጥበት ነው።

«የባሌን መሬት ልጆቼ ተካፍለውታል» አሉኝ እማማ። «ይካፈሉት፣ ወልደዋል፣ ከብደዋል። እኔ ግን የምበላው ከዚያች ከገብሷ ነው። እሷ ከሄደች በቀሪ ዘመኔ የምራቴን እጅ ማየቴ ነው። ክፉ አይደለችም፤ ቢሆንም የሰው እጅ ማየት አልለመድሁም።»

ከዚያ ፈገግ ብለው ወደ ላፕቶፑ ጠቆሙ።

«አንተ እንደሁ ጽፈኸዋል። ያኔ ስትመዘግበን፣ ልጄ ሁለቱም እኔው ነኝ፣ ጻፈው ብዬህ፣ ጽፌዋለሁ እማማ አልኸኝ። እሱን አንብብላቸው ብዬ ነው የመጣሁ።»

የምፈልግ መስዬ ፋይሉን ከፈትኩ፤ የማገኘውን ግን ከመክፈቴ በፊት አውቀዋለሁ። ምርመራ የሚባል ዓምድ የለም። ሰረዝኩት ማለት ሲገባኝ አፈርኩ፤ የሁለት ልጆች አባት የሆንኩ ሰውዬ እንደ ተማሪ አፈርኩ። «እፈልገዋለሁ እማማ፤ ሐሙስ እዚያው እመጣለሁ» አልኳቸው።

«ይፈለጋል እንዴ?» አሉኝ። «ጽፈኸው የለም?»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መብራት ነበር። አሮጌውን ላፕቶፕ አውጥቼ አቧራውን አራገፍኩ። ባትሪው አብጦ ክዳኑን ገፍቶታል፤ የስክሪኑ ግማሽ ጠቁሯል። ሽቦ ላይ ሰክቼ ስጫነው ብዙ አንጎራጉሮ ተነሳ። የአዲሱን ቀበሌ ፋይል ታሪክ ጠየቅሁት። አንድ መስመር ብቻ ሰጠኝ፦ «ተስተካክሏል»። ከዚያ በፊት ምንም የለም። ፋይሉ ያን ዝናባም ቀን ተወለደ፤ እናትም አባትም የለው።

ቃሉ ከመጥፋቱ በፊት እንደነበረ ማሳየት ብቻ አይበቃም፤ መቼና ለምን እንደተጻፈ ለማወቅ የቀረኝ መንገድ አንድ ነበር። የለውጦቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች እየሄድኩ፣ የሞቱትን ሁለት ፋይሎች እያንዳንዱን ለውጥ ከፍቼ ማየት። የለውጡ ምክንያት ተጽፎበት ቢሆን በአንድ ፍለጋ አገኘው ነበር። አሁን ግን ከላይ እስከ ታች የተደረደረው ያው ቃል ነው። አንዱን ተስተካክሏል እከፍታለሁ፤ አዋሳኝ ነው። ሌላውን ተስተካክሏል እከፍታለሁ፤ የስፋት ቁጥር ነው። ሦስተኛውን እከፍታለሁ፤ ባዶ ቦታ ነው የሰረዝኩት። ባለቤቴ ምሳ አቅርባ፣ ጠብቃ፣ መልሳ አነሳችው። ራሴን ሰደብኩት፤ እዚህ ልጽፈው በማልችለው ስድብ። በሰው ላይ የጫንኩትን ድካም በራሴ ላይ መልሼ እየጫንኩ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ገደማ ማስታወሻዎቹ መርዘም ጀመሩ። ወደ መጀመሪያው ዓመት ደርሻለሁ ማለት ነው። ከዚያ አገኘሁት። ምርመራ በሚለው ዓምድ ውስጥ፣ ከእማማ የልጅነት ስም አጠገብ እንዲህ ይላል፦ «ይህችና በጎረቤት ቀበሌ አማቷ ባወጣችላት ስም የተመዘገበችው አንድ ሰው ናቸው፤ በራሳቸው ቃል።» በማስታወሻዋ መስመር ላይ ደግሞ፦ «ወደፊት እንዳይምታታና የማሳዋ ባለቤት እንዳይጉላሉ ተጨመረ።» ከሥሩ የእኔ ስም ነበር።

ማልቀስ መጣብኝ። ለእማማ ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ለእሳቸው አልነበረም። ለዚያ ማስታወሻ ለጻፈው ሰው ነው። የማሳዋ ባለቤት እንዳይጉላሉ ብሎ፣ በደከመ እጁ፣ ማንም የማያነባትን መስመር የሚጽፍ ሰው ነበርኩ ለካ። መቼ እንደሄደ አላየሁትም።

ሐሙስ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። የኮሚቴው ሰብሳቢ በዕድሜ የገፉ ቄስ ነበሩ። ሦስት ገጽ አትሜ ይዣለሁ፦ የመጀመሪያው ዓመት መዝገብ፣ የምርመራው ቃል፣ እና ያ ቃል የጠፋበት ቀን። ተነስቼ እያንዳንዱን አስረዳሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። እማማን አላየኋቸውም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሲጎትቱት ግን በዓይኔ ጥግ አየሁ።

የወንድማቸው ልጅ ተነሳ። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ፀሐይ የጠበሰው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ክፉ ሰው ፊት ጠብቄ ነበር፣ አልነበረውም። «አባቶቼ፣» አለ፣ «ወረቀቱን ያመጣው እሱ፣ አጠፋሁት የሚለውም እሱ። ነገ ሌላ ወረቀት ይዞ፣ ዛሬም ተሳስቼ ነበር ቢል ማን ይመልሰዋል? ለዚች ማሳ እኔ ነኝ ጉልበቴን ያፈሰስሁ።»

እውነቱን ነው። ቄሱ ገጾቹን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠግተው ቀኖቹን አንድ በአንድ አነበቡ። ከዚያ ወደ ሰውየው ዞሩ።

«ይህ የተጻፈ አንተ ሳታመለክት ገና ነው። ሙግቱ ሳይነሳ የተጻፈ ነገር ነው፤ ስለዚህ እጠይቅሃለሁ። ባይጻፍ ግን አልጠይቅህም ነበር። አባትህ እኒህን እህቱን ማን ብሎ ነበር የሚጠራቸው?»

ሰውየው ወደ በሩ አየ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታዋል። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ወደ መሬት አዩ፤ እነሱም ስሙን ያውቁት ነበር። ለካ አዳራሹ ሙሉ ሰው ያውቀዋል፤ ማንም የተጻፈ ነገር ሳይኖር ከጎረቤቱ ጋር መጣላት ስላልፈለገ ነው ዝም ያለው።

«ተናገር ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን የምንተያይ ሰዎች ነን» አሉት ቄሱ።

ስሙን ተናገረ። ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚነግር። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተወራም። ማሳዋ የእማማ ናት ተባለ፤ ሰውየው ከፈለገ በእኩል ማረሱን ይቀጥላል ተባለ። እሱም ጎንበስ ብሎ የአክስቱን ጉልበት ስሞ ወጣ። እኔ አለቀ ብዬ ላፕቶፔን ልዘጋ ስል ቄሱ ከለከሉኝ።

«አሁን የማሳዋ የይዞታ ደብተር በአንድ ስም ይውጣ። ቅጹ ላይ ለአንድ ስም ብቻ ነው ቦታ ያለው። እርስዎ ይምረጡ እማማ፤ በየትኛው ይሁን?»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። በልጅነት ስማቸው ቢሆን መታወቂያው አይስማማም፤ የልጆቻቸውም ወረቀት ሁሉ የእናት ስም የሚለው አማታቸው ያወጡትን ነው። እሳቸው ሲያልፉ ልጆቹ በዚያችው ማሳ እንደገና እዚህ አዳራሽ ሊቆሙ ነው። ይህን አስረዳኋቸው፤ ሳስረዳቸው ድምፄን ጠላሁት። ሁለቱንም እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«በአማቴ ስም አድርገው» አሉ መጨረሻ ላይ። «ልጆቼ አይቸገሩ።»

አደረግሁት። በዚያ ቀን ሌላ ምንም አልነካሁም፤ አንዲት ነጥብ እንኳ። ስሙን ብቻ ቀየርኩ። ማስታወሻዋ ላይ የልጅነት ስማቸውን፣ ያወጣላቸውን አባታቸውን፣ የአማታቸውን ስም፣ ማሳዋ ከየት እንደመጣች፣ ማን እንደወሰነና ለምን እንደተቀየረ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ስጠራ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

አዳራሹ ባዶ ሆኗል። እማማ ወንበሩን ወደ እኔ ጠጋ አድርገው ስክሪኑን አዩት። ማንበብ አይችሉም።

«አሁን እዚህ ላይ ያለው የአማቴ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ያኛውስ የት ሄደ?»

«አልጠፋም። ከሥር ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ ማንም ሊያጠፋው አይችልም።»

«ይታያል?»

«የፈለገው ሰው ያየዋል።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ዱላቸውን አነሱ።

«አባቴ ሞቷል። ወንድሜም ሞቷል። ያ ልጅም ዛሬ ተጨንቆ ነው የጠራው፣ ሁለተኛ አይጠራውም። ማን ይፈልገዋል ልጄ?»

እኔ እፈልገዋለሁ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልፈልገው የኖርኩት ግን እኔው ነኝ፤ መልሼ ዘጋሁት።